አቃቂ ላይ ረግረግ ለያዘ የአብነት ልጅ

ልጄ፣ ከሸሪኮችህ ጋር አቃቂ በኩል ሁለት ሄክታር መሬት በሊዝ መያዛችሁን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። አብነት ሰፈር ውስጥ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ተነስቶ መጋዘን ለመሥራት መብቃት ቀላል አይደለም። የነገሩኝ ሰዎች ታዲያ የመሬቱ የታችኛው ጥግ፣ ግማሽ ሄክታር የሚሆነው፣ ረግረግ መሆኑንም ነገሩኝ። ደላላው «ሃምሳ ሲኖ ገረጋንቲ ከደፋህበት ያልቃል» ብሎሃል አሉ። እኔ ጡረታ እስክወጣ እንጀራዬ ቅየሳ ነበር። ደላላውን አልነቅፈውም፤ የእሱ ሥራ ካርታው እጅህ ሲገባ ያበቃል፣ ያንተ ደግሞ ከዚያ ይጀምራል። የምልህን በተራ ቁጥር ጽፌልሃለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ግን እንደመጣልኝ ነው።

፩. ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቅ ወዴት እንደምታባርረው አትነጋገር።

የአብነት ልጅ ይህን ለማወቅ ሩቅ አይሄድም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ከመርካቶ እስከ ተክለሃይማኖት ያለው ቆርቆሮ፣ አስፋልትና ሲሚንቶ ጠብታ አይጠጣም። ሁሉም ቁልቁል ይሄዳል፤ ፌስታሉን፣ የጋራዡን ዘይት፣ የሽንት ቤቱን ትርፍ ይዞ ይሄዳል። በየትኛውም ገባር ቢወርድ ወይ ትንሹ አቃቂ ውስጥ ይገባል ወይ ትልቁ አቃቂ ውስጥ፤ ሁለቱም አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይጠራቀማሉ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። አሁን የያዝከው መሬት እንግዲህ ያደግክበት ሰፈር ግርጌ ነው። በክረምት አጥርህን የሚገፋው ጎርፍ የማንም አይደለም፣ የሰፈርህ ነው።

ረግረግ ውሃ የሚያገኝባቸው ሦስት በሮች አሉት። አንደኛው ወንዙ ሞልቶ ሲፈስ ነው። ሁለተኛው ከላይ ካለው ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ ነው። ሦስተኛው ከሥር የሚመጣው ነው፤ ምንጭ ወይም ወደ ላይ የቀረበ የከርሰ ምድር ውሃ። ከተዳፋት የሚመጣውን በላይኛው ድንበርህ በኩል በቦይ መቀበል ትችላለህ። የወንዙን ሙላት ከከለከልከው ሌላ ሰው ቤት ይገባል። ከሥር የሚመጣውን ቦይም ገረጋንቲም አይመልሰውም፤ ጊዜ ወስዶ በመጋዘንህ ወለል ብቅ ይላል፣ ያን ጊዜ በወለሉ ላይ የተደረደረው ሲሚንቶ ወይም ስኳር ከሆነ ምን እንደሚሆን አንተ ከእኔ ታውቃለህ። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለይቶ የማይነግርህ መሐንዲስ ገና ሥራውን አልጀመረም።

፪. መሬቱን በነሐሴ እየው።

ደላላ መሬት የሚያሳየው በጥር ነው። በጥር ሁሉም መሬት ደረቅ ነው። ክረምቱን መጠበቅ ካልቻልክ በአካፋ ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍር። አፈሩ ግራጫ ሆኖ በሥሮቹ ዙሪያ የዝገት ዓይነት ቀይ ነጠብጣብ ካየህበት፣ ወይም የተበላሸ እንቁላል ከሸተተህ፣ ያ ቦታ በዓመት ውስጥ ለብዙ ሳምንት ውሃ ተኝቶበት ይከርማል ማለት ነው። ቀጥሎ የበቀለውን እይ። ቄጠማና ፊላ ደረቅ መሬት አይወዱም። ውሃ፣ አፈር፣ ዕፅዋት፤ በዓለም ላይ ረግረግን የሚያካልሉ ባለሙያዎች የሚመለከቷቸው ምልክቶች እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

አንድ ነገር እንዳትሳሳት፦ አብዛኛው አቃቂ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቤትም ይሰነጥቃል፤ ዋልካ ሁሉ ግን ረግረግ አይደለም። ለዋልካው መድኃኒቱ መሠረቱን በሚገባ ማስጠናት ነው። ረግረጉ ሌላ ጉዳይ ነው። ድንበሩን በችካል አስመልክተህ ቀያሽ በኮኦርዲኔት ካርታ ላይ ያስቀምጥልህ። ያች መስመር በጽሑፍ ካልተያዘች በየሳምንቱ ወደ ታች ትሸሻለች፤ ኤክስካቫተር ነጂ በሰዓት ስለሚከፈለው መስመር የማክበር ፍላጎት የለውም።

፫. ሒሳቡን ራስህ ሥራው።

መርካቶ ያደገ ሰው ሒሳብ አይፈራም። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ 40 ሚሊሜትር ቢዘንብ፣ በ20,000 ካሬ ሜትር መሬትህ ላይ 800,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው። አሥር ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ሰማንያ ቦቴ። ዛሬ ይህ ውሃ ሣሩ ላይ ይዘገያል፣ የቀረውም ወደ ታችኛው ጥግ ይሄዳል። ያ ጥግ 5,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ውሃ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ቢልበት 1,500 ሜትር ኩብ ይይዛል። በራስህ መሬት ላይ የዘነበውን ሁሉ ተቀብሎ፣ ወደዚያው የሚጠጋ ደግሞ ከላይ ከጎረቤት የመጣውን ያሳድራል። ከዚያ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይለቀዋል።

አሁን ወደ ደላላው ሃምሳ ሲኖ እንምጣ። አንዱ ሲኖ 16 ሜትር ኩብ ቢጭን ሃምሳው 800 ሜትር ኩብ ነው። በ5,000 ካሬ ሜትር ላይ ቢበተን 16 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ሮለር ሲሄድበት ከዚያም ያንሳል። አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ ከሦስት መቶ ሲኖ በላይ ያስፈልግሃል፣ ያውም ከሥሩ ያለውን ለስላሳ አፈር አውጥተህ ለመጣል የምትከፍለውን ሳንቆጥር። የገረጋንቲን ዋጋ ታውቀዋለህ፤ አባዛው።

ዋጋውን ከቻልከው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ያ 1,500 ሜትር ኩብ ውሃ የሚያድርበት ቦታ ሲያጣ የት ይሂድ? ረግረግን መሙላት የራስን ዕዳ በጎረቤት ስም እንደማስመዝገብ ነው፤ ውሃው አይቀርም፣ ከፋዩ ብቻ ይለወጣል። ከታችህ ያለው የገበሬ ማሳ ወይም የደሃ ቤት ነው። ከላይህ ደግሞ ከተማው ራሱ እየተለወጠ ነው። በየካቲት 2011 «ሸገርን ማስዋብ» ተብሎ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ለማልማት ሲታቀድ፣ ከእንጦጦ ጀምሮ እስከ አቃቂ ድረስ ያለው ወንዝ ታስቦ ነው። ሥራውን የምደግፍ ሰው ነኝ። ግን ዳርና ዳሩ ግንብ የሆነ ወንዝ ውሃውን ቶሎ ያወርዳል፣ ቶሎ የወረደውን የሚቀበለው ደግሞ አንተ ያለህበት ሜዳ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ሞልቶ ምንም ያልሆነ ሰው ቢጠሩልህ፣ ያ ዘመን ሌላ፣ ይህ ዘመን ሌላ በላቸው።

፬. አራቱን ደረጃዎች አታዘባርቅ።

ባለሙያዎቹ ጉዳት ማቃለያ ዕቅድ የሚሉት አራት ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ ጉዳቱን ማስቀረት፣ ማስቀረት ያልተቻለውን መቀነስ፣ የተጎዳውን መጠገን፣ መጠገን ያልተቻለውን በሌላ ቦታ ማካካስ። ቅደም ተከተሉ ራሱ ሕግ ነው ብለህ ያዘው። ያየኋቸው ብዙ ባለሀብቶች ከመጨረሻው ይጀምራሉ፤ «እንሞላውና ዛፍ እንተክላለን» ይላሉ። ይህ ዕቅድ አይደለም።

ማስቀረት ርካሹ ነው። ሁለት ሄክታር ላይ መጋዘን፣ የጥበቃ ቤት፣ የመኪና መዞሪያና ቢሮ ለማስቀመጥ አንድ ሄክታር ተኩል ይበቃሃል። አርክቴክቱ መጀመሪያ የሚሰጥህ ንድፍ ካርታውን ከጥግ እስከ ጥግ የሞላ ነው፤ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ አንተ «አንድ ካሬ እንዳይባክን» ስላልከው ነው። ሕንጻውን ወደ ላይኛው ድንበር እንዲያስጠጋው ንገረው። የመኪና መዞሪያውን በሕንጻውና በረግረጉ መካከል ያድርገው። ረግረጉን ደግሞ ንድፉ ውስጥ በስሙ ይጻፈው፤ ባዶ ቦታ ብሎ ከተወው በሦስተኛው ዓመት ከሸሪኮችህ አንዱ የብረት ማከማቻ ያደርገዋል።

መቀነስ ማለት ለምሳሌ መንገድ በረግረጉ አንድ ጥግ ማለፉ ግድ ከሆነ፣ አፈር ከምሮ መሻገር ሳይሆን ውሃው በሥሩ የሚያልፍበት ሰፊ ካልቨርት ማስገባት ነው። አንድ ጠባብ ቱቦ አይበቃም፤ በመጀመሪያው ክረምት ፌስታል ይደፍነዋል፣ ከአብነት በመጣ ፌስታል።

፭. የጣሪያህን ውሃ ለረግረጉ መልስለት፣ የግቢህን ግን አጣርተህ።

ቆርቆሮ ላይ የወረደ ዝናብ ንጹሕ ነው፤ ለብቻው በአሸንዳና በቦይ ወደ ታች ላከው። መኪና የሚቆምበትን ግቢ ያጠበው ውሃ ግን ዘይት አለበት፤ ዘይት መለያ ጉድጓድና አሸዋ ማስቀመጫ ሳያልፍ ረግረግ እንዳይነካ። የሽንት ቤቱ ሴፕቲክ ታንክ ከረግረጉ በራቀው፣ በከፍተኛው ጥግ ይሁን። አቃቂ ከተማው ከጥልቅ ጉድጓድ የሚጠጣው ውሃ የሚወጣበት አገር ነው። እዚያ መሬት ውስጥ የምታሰርገው ነገር ዞሮ አብነት ያለ ቧንቧ ውስጥ ላለመምጣቱ ማን ዋስ ይሆንሃል?

፮. ወረቀቱን የምታሟላው ለመዝገብ ቤት ብለህ አይሁን።

በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የወጣውን የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሕግ አንብበው። አጭር ነው፣ ከሊዝ ውልህ ያጥራል። ሦስት ነገር ልብ በልበት። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ ሥራ መጀመር አይችልም። ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤትም የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ይህ መሟላቱን ማረጋገጥ አለበት። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያነበውም፦ ጥናቱ ጸደቀልህ ማለት ለሚደርሰው ጉዳት ከተጠያቂነት ነጻ ወጣህ ማለት አይደለም። ማኅተሙ ጎርፍ አይመልስልህም፣ ካሳም አይከፍልልህም።

አዋጁ ሲወጣ ያለ ፈቃድ ለጀመረ ያስቀመጠው ቅጣት ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ነበር። በዚያን ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ዛሬ ሸሪኮችህ ሰምተው ይስቃሉ። አትሳቅ። ትልቁ ቅጣት ግማሽ የደረሰ ሕንጻ መታገዱ ነው፤ የባንክ ወለድ በእገዳ አይቆምም። ከዚህ ወዲህ የወጡትን ደንቦችና የወንዝ ዳርቻ ክልከላውን ርቀት በክፍለ ከተማው በጽሑፍ ጠይቅ፤ በቃል የተነገረህን አትያዝ።

አማካሪ ስትቀጥርም ጥናቱን ራስህ አንብበው። ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ጥናት በቀላሉ ይታወቃል፦ በአጠገብህ ያለውን ወንዝ ስም አይጠራም፣ መስኩ የታየበትን ወር አይጽፍም፣ ገጹን ግን ስለ ኢትዮጵያ የአየር ንብረት በሚተርክ ነገር ይሞላዋል። አንዱን አይቼ ስለ ግመል ግጦሽ አነበብኩበት። አቃቂ!

፯. ከአንተ በፊት ማን እንደሚጠቀምበት ጠይቅ።

ባዶ የሚመስል ረግረግ ባዶ ሆኖ አያውቅም። በበጋ ሣር ሁሉ ሲደርቅ ከብት የሚሰማራው እዚያ ነው። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ቤትህ የምትጎዘጉዘው ቄጠማ መርካቶ ድረስ በሸክም የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነት ቦታ ነው፤ አጭዶ የሚሸጠው ሰው በካርታህ ላይ የለም፣ መሬቱ ላይ ግን አለ። ካሳ ተከፍሎት የተነሳ ገበሬ ቢኖርም፣ ካሳ ያልተከፈላቸው ተጠቃሚዎች አሉ። ኦሮምኛ የሚናገር፣ በአካባቢው የሚከበር ሽማግሌ ይዘህ ሂድ። ጫማህን አውልቀህ፣ ቡና ጠጥተህ፣ ውሃው በክፉ ክረምት እስከ የት እንደደረሰ ጠይቃቸው። ዛፍ ላይ ምልክቱን ያሳዩሃል። ይህ የትም ቢሮ የማታገኘው መረጃ ነው።

፰. ወፎቹን አትናቅ።

አውቃለሁ፣ ሸሪኮችህ እዚህ ላይ ይስቃሉ። አባ ሳሙኤልና የአቃቂ ረግረጎች ግን ከአውሮፓና ከእስያ ቅዝቃዜ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች የሚከርሙባቸው ናቸው፤ ከመስከረም በኋላ ሄደህ ብታይ ሜዳው ረጃጅም እግር ባላቸው ወፎች ተሞልቶ ታገኘዋለህ። ከሆለታ ወዲያ በርጋ የሚባል ረግረግ አለ። ከድርጭት የማትበልጥ፣ ክንፏ ነጭ የሆነች ወፍ በክረምት ቄጠማው ሲያድግ እዚያ ትፈለፍላለች። በዓለም ላይ ሊጠፉ ከተቃረቡት አንዷ ናት፤ የምትራባባቸው ቦታዎች የሚታወቁት እኛ አገርና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው። በሱሉልታ ሜዳም ተገኝታ ነበር፤ የሱሉልታ ሜዳ ዛሬ ምን እንደመሰለ ጎጃም በር አልፈህ ስትሄድ ታየዋለህ። አንተ መሬት ላይ እሷ አለች አላልኩህም። ግን የወፍ ባለሙያ አንድ ጊዜ በክረምት፣ አንድ ጊዜ በጥቅምት ወይም በኅዳር ያይልህ፤ በኋላ ከተገኘ ሥራህን የሚያስቆም ነገር በፊት ቢታወቅ ይሻላል።

፱. ዛፍ መትከልን ማካካሻ አትበል።

በተለይ ባሕር ዛፍ! እሱ ረግረግ ማድረቂያ ነው፤ ድሮም ሰው እርጥብ ቦታ ለማድረቅ ይተክለው ነበር። የወሰድከው ውሃ የሚያሳድር፣ ደለል የሚያስቀር፣ ቆሻሻ የሚያጣራ መሬት ከሆነ፣ የምትመልሰውም ያንኑ የሚሠራ መሬት መሆን አለበት፤ በዚያው ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ፣ ከተወሰደው በማያንስ ስፋት። አዲስ የተሠራ ረግረግ የአሮጌውን ሥራ ለመሥራት ዓመታት ይፈልጋል፣ አንዳንዱም ጨርሶ አይሳካለትም። ስለዚህ ስፋቱን ጨመር ማድረግ ልማድ ሆኗል። ካለም አዲስ ከመቆፈር ይልቅ የተጎዳውን፣ ቦይ ተቀዶለት የደረቀውን መርጠህ ቦዩን ድፈንለት፤ ዘሩ አፈሩ ውስጥ ስላለ ቄጠማው ራሱ ይመለሳል።

ረግረግ የሚሠራውን ሥራ ለማየት ወደ ካምፓላ ተመልከት። ናኪቩቦ የሚባለው ረግረግ የከተማዋን ፍሳሽ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከመግባቱ በፊት ለዘመናት ሲያጣራ ኖሯል፤ የከተማዋ የመጠጥ ውሃ የሚቀዳውም ከዚያው ሐይቅ ነው። ፋብሪካና ቤት እየገባበት ሲሄድ ማጣራቱ ደከመ፣ ውሃ ለማከም የሚወጣው ወጪ በሌላ በኩል መጣ። የእኛው አባ ሳሙኤል ደግሞ ምስክር ነው። ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነበር፤ ደለልና እምቦጭ ተጫውቶበት ለአሥርት ዓመታት ቆሞ፣ በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2009 እንደገና ሥራ ጀመረ፣ ኃይሉም 6.6 ሜጋዋት ነው። ከላይ ያሉት ረግረጎች ባለቁ ቁጥር የሚሞላው እሱ ነው።

፲. የቁፋሮ ሥራ ከጥቅምት በፊት አይጀመር።

በክረምት ረግረግ ዳር ቁፋሮ የጀመረ ሰው ጉድጓዱን በፓምፕ ሲያወጣ ይከርማል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይሉሃል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ የአፈር ሥራውን ጨርስ። የተቆፈረውን አፈር በረግረጉ በኩል አትከምር። የሲሚንቶ መቀላቀያው የታጠበበት ውሃ ለዕፅዋትና ለዓሣ መርዝ ነው፤ ለብቻው ጉድጓድ ይቆፈርለት። ናፍጣ የሚቀዳበት ቦታ ከላይ ይሁን። በመስመሩ ላይ ደግሞ አጥር አቁም፤ ችካል ብቻውን አይበቃም።

፲፩. ገንዘቡንና ሰውየውን በስም ጻፍ።

«ክትትል ይደረጋል» የሚል ዕቅድ ማንም አይከታተለውም። ማን፣ በየትኛው ወር፣ ምን ለክቶ፣ ለማን ያሳውቃል? በነሐሴ የውሃው ከፍታ በቆመ መለኪያ ይነበብ፤ በመስከረም ከዚያው ነጥብ ፎቶ ይነሳ፤ ካልቨርቱ ከሰኔ በፊት ይጠረግ። በአሜሪካ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2000፣ የወጣው ደንብ ለማካካሻ የተሠራ ረግረግ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ክትትል እንዲደረግለትና ገንዘቡም አስቀድሞ በዋስትና እንዲያዝ ያዛል። እኛ ዘንድ የሚያስገድድህ ባይመጣ እንኳ፣ ከሸሪኮችህ ጋር ባላችሁ ስምምነት ውስጥ አስገባው፤ የአምስት ዓመቱን ወጪ ለይታችሁ በአንድ ሒሳብ አስቀምጡት። ዋና ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር የሚቀረው ይህ ሒሳብ ብቻ ነው።

፲፪. ሸሪኮችህን አሁን ሰብስብ።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይባላል፣ አንተ ደግሞ እርጥቡ ላይ ነህ። የሃምሳውን ሲኖ ሒሳብ አሳያቸው፣ ከዚያ ንድፉን ወደ ላይ ገፍቶ የመሥራቱን ሒሳብ። ግማሽ ሄክታሩን አጣን የሚል ይኖራል። ያጣችሁት ሊዝ የከፈላችሁበትን መሬት ነው፣ እሱም እውነት ነው፤ አትዋሻቸው። ለገረጋንቲው ቅድሚያ ክፍያ ገና ካልሰጣችሁ ያዙት፤ ሰጥታችሁም ከሆነ ለላይኛው ግቢ መደልደያ ይሆናል፣ ነጋዴውን ስለ መጠኑ አነጋግሩት። ካርታውንና የአርክቴክቱን የመጀመሪያ ንድፍ ይዘህ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ና፤ መስመሩን አብረን እናሰምራለን።